ሁሉንም ዓይነት አጫውት

«የሁሉንም ሰው ፍላጎት የሚያሟላ ሙዚቃ ይሁንልን» ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ሁሉም ሲባል እነማን ናቸው?» ብዬ ነው። ሰዎች ይሄን ጥያቄ እንደ ማካበድ ያዩታል። «አንተ ደግሞ፣ ዝም ብለህ ቀላቅለው!» ይሉኛል። ዝም ብሎ መቀላቀል ምን እንደሚያመጣ ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ስሠራ በደንብ አይቻለሁ። ስሙ ይቅር።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ስፒከር እተክላለሁ፣ ባንድ ሲኖር ድምፁን የሚያመጣጥነው ሚክሰር ጋ እቆማለሁ፣ ባንድ ከሌለ ሙዚቃውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ቤቱ ራሱ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ነው። ግድግዳው ላይ አገልግልና መሶብ፣ ከሥሩ የቆዳ ሶፋ፣ ሜኑው ላይ ክትፎና ፒዛ ጎን ለጎን። ሲያወሩት ያስቃል፣ ገብተው ሲያዩት ግን ያምራል። ምክንያቱም ዲኮሩን የሠራችው ልጅ ሶፋውንም፣ መጋረጃውንም፣ የመብራቱን ሽፋንም ከመሶቡ ቀለም ጋር አስማምታዋለች። ይሄን ያስተዋለ ሰው ለሙዚቃውም መላ አያጣም ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። ደንበኛው ብዙ ዓይነት ስለሆነ ሙዚቃውም ብዙ ዓይነት መሆን አለበት፣ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ የሚወደውን ያምጣ። አስተናጋጆቹ፣ ሼፉ፣ ጥበቃው፣ ገንዘብ ያዧ፣ ሁሉም አመጡ። አንድ ፍላሽ ላይ ተገለበጠ። «በሻፍል ልቀቀው፣ ራሱ ያለ ተራ ይቀላቅለው፣ ማንም ቅር አይለውም» አለኝ። «መጀመሪያ ልስማውና ልለየው» ስለው «ሠርግ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ራሱ ሰካው።

ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነው። 55 ቀን የጾመ ሕዝብ ቁርጥ ፊት ተቀምጧል፣ ቤቱ ጢም ብሏል። መጀመሪያ ጉራጊኛ መጣ። ጥግ ላይ የነበሩ ወጣቶች ብድግ ብለው እግራቸው መሞቅ ሲጀምር ዘፈኑ አለቀና የሚያባባ ትዝታ ገባ። ተያዩና ተቀመጡ። ቀጥሎ የአሜሪካ ራፕ። ቀጥሎ የሱዳን ዘፈን፣ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ አጨበጨበ። ከዚያ በጭብጨባው መሐል የበገና መዝሙር ተለቀቀ።

በገና! አሥር አውታሩ፣ ያ እዝዝዝ የሚለው ከባድ ድምፁ፣ ቢራና ጥሬ ሥጋ ላይ። አንዲት እናት አማተቡ። ወጣቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፣ እሳቸው ደግሞ በልጆቹ ሳቅ ተቆጡ፣ ከሌላ ጠረጴዛ አንዱ «ምን አደረጉ ልጆቹ?» ብሎ ተነሣ። ቤቱ ለጠብ አንድ ቃል ነበር የቀረው። አንድ አባት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በእጃቸው ጠሩኝና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጸሎት ነው» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ «ምንድን ነው የከፈትከው?» ይለኛል። ፍላሹን ነቅዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

በገናው የሼፉ ነበር። ሰውየው በዐቢይ ጾም ወጥ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ነው በቅንነት ያመጣው። ምንም ጥፋት የለበትም።

ወዲያው ሌላ ዘፈን አልከፈትኩም። ሰው ወደ ወሬው እስኪመለስ ዝም አልኩ (ዝምታም የሥራው አካል ነው፣ ይሄን ግን የሚከፍልህ የለም)። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ በኢትዮ ጃዝ ጀመርኩ። ለምን እሱን? ምክንያቱም ቅልቅሉ እዚያው ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝና አሜሪካ ተምሮ የኛን ቅኝት ከቫይብራፎን (በዱላ ከሚመታ ባለ ብረት ሰሌዳ መሣሪያ) እና ከላቲን ከበሮ ጋር ያጋባ ሰው ነው። ሽማግሌው ዜማውን ያውቁታል፣ ጥግ የተቀመጡት ፈረንጆች ጃዙን ያውቁታል። ለነገሩ «የድሮ ሙዚቃችን» የምንለው የነሐስ መሣሪያዎቹ፣ የእነ ትራምፔት ድምፅ ራሱ፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ጋር የተያያዘ ነው። መደባለቅ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚያ አማርኛ ሬጌ። ዜማው የኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ ምቱ የጃማይካ፣ ስለዚህ ማንም ሳይደነግጥ ከዝግታው ያወጣሃል። ከዚያ የሱዳኑ ተመለሰ፣ እሱም በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። ጉራጊኛውን ያስገባሁት ወጣቶቹ ወንበር ላይ መወዛወዝ ሲጀምሩ ነው፣ ያኔም ሦስት አራቱን አከታትዬ፣ ምክንያቱም የሞቀ እግር በአንድ ዘፈን አይጠግብም። ትግርኛውን ደግሞ እስክስታ መሐል አልሰነቅረውም። ምቱ ሌላ ነው፣ ጭፈራው ክብ ሠርቶ መዞር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ትንሽ ፋታ ሰጥቼ ሰው ቦታ እስኪይዝ እጠብቃለሁ። ራፑ አልቀረም፣ ግን ቤተሰቡ ከሄደ በኋላ።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ «እሺ፣ በቋንቋ እንለየው» አለ። አይሆንም አልኩት። ሁለት የአማርኛ ዘፈኖች እርስ በርስ ከሚቀራረቡት በላይ አንዱ ከሱዳኑ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። በምቱ፣ በሰዓቱና ሰዉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው የምንለየው። ቁጭ ብለን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አዳመጥን፣ ለምሳ፣ ለማታ፣ ለእኩለ ሌሊት ለየብቻ ፎልደር ሠራን። የሼፉ በገና የጾሙ ፎልደር ውስጥ ገባ፣ እዚያ ደግሞ አለቃ እሱ ነው። ያልጠበቅነው የጥበቃው ምርጫ ነበር። የድሮ የክራር ዘፈኖች፣ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሰካራሙን ሁሉ የሚያረጋጉ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ፣ የልደት ኬክ። ጭፈራው በደራበት ሰዓት አስተናጋጆቹ ሻማ አብርተው ይመጡና ሙዚቃው ተቋርጦ «መልካም ልደት» መባል አለበት። እኔ «ዘፈኑ እስኪያልቅ በር ላይ ይቁሙ» እላለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ሻማው ይቀልጣል» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ማታ ሦስት ኬክ መጣ፣ ሦስቱም እስክስታ መሐል።