የሩፋኤል ውሃ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የጤና፣ የጥጋብ ዓመት ይሁንላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። የችቦው ጭስ ሽታ ገና አልለቀቀንም። የጦሳ ተራራ ከወገቡ በላይ ጉም ለብሷል።

ዘንድሮ እቴቴ የለችም። አያቴ ናት። ሐምሌ ላይ አረፈች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አንድ የሐምሌ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሁና "ዛሬ ሰማዩ ሲያምር!" አልኩ። ሊጥ ታቦካ ነበር። እጇን ከቡሃቃው አውጥታ አፌን ያዘችኝ። "በሐምሌ ብራ አያምርም" አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሊጡ ከንፈሬ ላይ እስኪደርቅ ዝም ብዬ ቆምኩ። በ1966ም በ1977ም እዚሁ ወሎ ነበረች። ጠዋት ቀና ሲሉ ጥርት ያለ፣ ማታ ቀና ሲሉ ጥርት ያለ፣ እንዲያ እያለ ከብቱንም ሰዉንም የጨረሰውን ሰማይ ታውቀዋለች። እሷ ዘንድ ቆንጆ ሰማይ ማለት የጠቆረ ሰማይ ነው።

ካደግኩ በኋላ አንድ መሪጌታ የቅዱስ ያሬድን የዘመን አከፋፈል ሲያስረዱኝ እሷን ነው ያስታወሱኝ። ክረምቱ ሰኔ 26 በዘርዕና በደመና ይገባል። ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፣ ጠል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ዕጕለ ቋዓት ይባላል፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ የሚጠብቁበት ጊዜ። ከዚያ ጎህ፣ ጽባሕ። የሚያልቀው መስከረም 25 ነው፤ በዚህ ከሄድን ዛሬም ክረምት ላይ ነን። ሰማይን በዚህ ልክ ለይቶ ስም ያወጣ ሰው የራበውን ጫጩት አለመርሳቱ ሁሌም ይገርመኛል።

መጽሐፈ ሄኖክንም አንብቤላታለሁ። ፀሐይ በ6 በር ወጥታ በ6 በር እንደምትገባ፣ ነፋሱም በረዶውም ጉሙም የየራሱ ማከማቻ ቤት እንዳለው። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ በ77 ቁልፉን ማን ያዘው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ደስ የሚላት የከተማችን ታሪክ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው "ደሴ" አሉ ይባላል። ያ ኮከብ በ1875 ዓ.ም. መስከረም ላይ በጠራራ ቀን፣ ከፀሐይ አጠገብ የታየ ነው። ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ጦር ይመጣል፣ ንጉሥ ይሞታል በሚባልበት አገር ደስታዬ ብሎ መጥራት! እርግጥ ስድስት ዓመት ተኩል ሳይሞላ ንጉሡ መተማ ላይ ወደቁ፣ ክፉ ቀንም መጣ። ስሙ ግን ደሴ እንደሆነ ቀረ።

ምስጋና አለብኝ። የቀብሩ ቀን ዝናቡ አላባራ ሲል ሸራ ዘርግታችሁ እናንተ የበሰበሳችሁ የሰፈር ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሐረጎን ዳገት በዚያ ጉም ውስጥ በሌሊት ነድተህ የደረስክልኝ ወንድሜ፣ ውለታህን በምን እንደምመልሰው አላውቅም። ከሁሉም በላይ ግን ግቢ የምንጋራት፣ አክስቴ የምላት ጎረቤታችን። ሦስት ቀን ሙሉ ከምድጃው ሳትነሳ ለለቀስተኛው ቡና ያፈላችው እሷ ናት። ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ደግሞ የዝናቡን ውሃ የምንቀበልበትን ሳፋ ማውጣት ሁላችንም ረሳነው፤ ሁልጊዜ የምታወጣው እቴቴ ነበረቻ። ጠዋት በር ስከፍት ሳፋው እቴቴ የምታስቀምጥበት ድንጋይ ላይ ነው፣ አፉ ድረስ ሞልቷል። አክስቴ ለሱብሂ ስትነሳ ዝናቡን ሰምታ አውጥታው ኖሯል። "እሷ ብትኖር ትቆጣን ነበር" አለችኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ለ2018 የምመኝላችሁ ይህን ነው። ከሰማይ ዝናብ እንጂ ሌላ ነገር የማይወርድበት ዓመት ይሁን። ልጆቻችን ከላይ ድምፅ ሲሰሙ ነጎድጓድ ነው ብለው ተመልሰው የሚተኙበት። በልጉም ክረምቱም በጊዜው የሚገባበት፣ በየመጠለያው ያላችሁ ወገኖቼ ቤታችሁ ገብታችሁ በራሳችሁ ጣሪያ ላይ ሲዘንብ የምትሰሙበት።

ድፎው በሩፋኤል ውሃ ተቦክቷል። ደሴ ያላችሁ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፣ አቦሉ ላይ ትደርሳላችሁ። አሁን ፀሐዩ ሳይገባ ካፊያው ጀመረ፤ የእህቴ ልጅ "ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!" እያለች ግቢውን ትዞራለች። ልነሳ፣ የተሰጣ ልብስ አለ።