12 ዶላሩ የት ይሄዳል?

ሻርሎት ከተማ ሆቴል ያደረ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ለመኪና ውድድር ሙዚየም ገንዘብ ያዋጣል። ለሠርግ የመጣውም፣ ለባንክ ሥልጠና የመጣውም፣ በረራው ተሰርዞበት አንድ ሌሊት ያደረውም ያው ነው። ከክፍሉ ዋጋ ላይ 2 በመቶ ይታሰብና ለናስካር ሆል ኦፍ ፌም፣ ማለትም ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት ዝነኞቹ ለሚዘከሩበት ሙዚየም፣ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሞልቷል። የማይከፍል ግን የለም።

እኔ እዚሁ ሻርሎት፣ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሩቅ ለሚያየው ሥራው ቁልፍ መስጠትና ፈገግ ማለት ነው። ግማሹ ግን ሒሳብ ማስረዳት ነው። ሰው ሲገባ ስለ አልጋው ይጠይቃል፣ ሲወጣ ስለ ደረሰኙ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 በሜሞሪያል ዴይ፣ አሜሪካ የሞቱ ወታደሮቿን በምታስብበት በዓል፣ ሰኞ ጠዋት ነው። የዚያን ሳምንት መጨረሻ የእኛ ከተማ ሆቴሎች ይሞላሉ። እሑድ ማታ ኮንኮርድ በሚገኘው ሻርሎት ሞተር ስፒድዌይ ኮካ ኮላ 600 የሚባለው ውድድር ይካሄዳል። 600 ማይል ነው፤ በናስካር ከሚደረጉት ሁሉ ረጅሙ። በዚያ ዓመት ያሸነፈው ጂሚ ጆንሰን ነበር። ተመልካቹ ሌሊት ይመለስና ጠዋት ሁሉም ባንድ ጊዜ ቼክ አውት ያደርጋል። እንቅልፍ ያልጠገበ፣ አንገቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ ጆሮው ገና ከሞተሩ ጩኸት ያልተላቀቀ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይሰለፋል።

አጠገቤ አንዲት ወጣት አበሻ ነበረች። ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየችም፤ የማሳያት እኔ ነበርኩ። ቀልጣፋ ናት፣ እንግሊዝኛዋም ከኔ ይሻላል። እሷ ጋ አንድ ሸምገል ያሉ እንግዳ ደረሱ። ደረሰኙን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

ክፍሉ በሌሊት 200 ዶላር ነው፤ ሦስት ሌሊት አድረዋል። ከእያንዳንዱ 200 ሥር ሁለት መስመር አለ። አንዱ 16 ዶላር ነው፣ ሁለተኛው 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ሰውየው ሦስቱንም 16 አንድ በአንድ ከበቧቸው። ወረቀቱን ወደ ልጅቱ አዞሩና «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ታክስ ነው።»

«ታክስ መሆኑን አንብቤያለሁ። የምን ታክስ ነው?»

«የመንግሥት ነው። እኛ ምንም ማድረግ አንችልም።»

ልጅቱ አልዋሸችም። ግን ይህች መልስ የተቆጣን ሰው የባሰ ታስቆጣለች። ሰውየው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከፍሎሪዳ፣ ከዴይቶና ቢች ነው የመጡት። «ሙዚየማችንን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ለሠራችሁበት እኔን ታስከፍላላችሁ?» አሉ። ሰልፉ ጸጥ አለ። አንዳንዱ እንግዳ የራሱን ደረሰኝ ማየት ጀመረ።

የገባኝ ያኔ ነው። ሰውየው 16 ዶላሩ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የፈለጉት፣ ገንዘቡን የሚቀበላቸው ሰው በራሱ አፍ እንዲነግራቸው ነው።

ቁጣቸው ደግሞ ከመሬት አልተነሳም። ናስካር የተወለደው ዴይቶና ቢች ነው። ቢል ፍራንስ የሚባለው ሰው በታኅሣሥ 1947 የመኪና ተወዳዳሪዎችንና የውድድር አዘጋጆችን ስትሪምላይን ሆቴል ሰብስቦ፣ ተበታትኖ የነበረውን ነገር አንድ ድርጅት አደረገው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም እዚያው ነው። ስለዚህ በ2005 ናስካር የራሱን ሆል ኦፍ ፌም ሊያቋቁም መሆኑ ሲሰማና ከተሞች ሲጋበዙ፣ የዴይቶና ሰው «ይሄማ የኛ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ፈላጊው ግን ብዙ ነበር። አትላንታ ገባች፣ ሻርሎት ገባች፣ ካንሳስ ሲቲና ሪችመንድም ገቡ። መጨረሻ ላይ አትላንታ፣ ዴይቶናና ሻርሎት ቀሩ። አትላንታ የኦሎምፒክ መናፈሻዋንና እዚያው አጠገብ የከፈተችውን ትልቁን አኳሪየም ይዛ ቀረበች፤ «ቱሪስቱ እኔ ጋ ነው» አለች። ዴይቶና ታሪኳን አቀረበች። ሻርሎት ሠራተኛውን አቀረበች። የአብዛኞቹ ቡድኖች ጋራዥ በሻርሎት ዙሪያ ነው። መካኒኩ፣ ሞተር ሠሪው፣ ሹፌሩ እዚህ ቤት ገዝቶ፣ ልጆቹን እዚህ እያስተማረ ይኖራል። ዛሬ የናስካር ታላቁ ውድድር ከሚባለው ተከታታይ ፉክክር የመጀመሪያው የተካሄደውም በሰኔ 1949 እዚሁ ሻርሎት፣ በአፈር መንገድ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ታሪክ ብቻውን ሕንፃ አያቆምም። ሻርሎት ቦታም ገንዘብም ይዛ ቀረበች። ቦታው መሀል ከተማ፣ ኮንቬንሽን ማዕከሉ አጠገብ ነው። ገንዘቡ ከሆቴል ነው። የክልሉ ምክር ቤት፣ ሻርሎት የምትገኝበት ሜክለንበርግ ካውንቲ በሆቴል አልጋ ላይ የሚያስከፍለውን ታክስ ከ6 ወደ 8 በመቶ እንዲያሳድግ ፈቀደ። ጭማሪዋ 2 በመቶ ለዚሁ ሙዚየም ብቻ ትውላለች ተባለ። በመጋቢት 2006 ሻርሎት ማሸነፏ ታወጀ። ፕሮጀክቱ በጠቅላላ ወደ 195 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ሙዚየሙ በግንቦት 2010 ተከፈተ። ሙዚየሙ እንዲዘክራቸው መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ሰዎች ሁለቱ ቢል ፍራንስና ልጁ ናቸው፤ የዴይቶና ሰዎች። ሌሎቹ ሪቻርድ ፔቲ፣ ዴል ኧርንሃርትና ጁኒየር ጆንሰን ሦስቱም የኖርዝ ካሮላይና ልጆች ናቸው።

ይህ የታክስ ዘዴ ፖለቲከኞች ለምን እንደሚወዱት ግልጽ ነው። አልጋ የሚከራየው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ሻርሎት ውስጥ ድምፅ አይሰጥም። ነዋሪው «ከኪሴ አልወጣም» ብሎ ይተኛል። ዘዴው በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ እንግዳውም በከተማው መንገድና መብራት ይጠቀማል። ግን የማይመርጥ ሰው ሲከፍል ቢያንስ ምን እንደሚከፍል ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያን የሚነግረው ከንቲባው አይደለም። ፍሮንት ዴስክ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ልጅቱን በአይኔ አየኋትና ወደ እሷ መስኮት ተጠጋሁ። ሰውየውን ሰላም ብዬ እስክሪብቷቸውን ለመንኳቸው። ሰጡኝ። ከመጀመሪያው 16 አጠገብ 12 እና 4 ብዬ ጻፍኩ። «ጌታዬ፣ 12ቱ ድሮም የነበረው የሆቴል ታክስ ነው። 4ቱ ለናስካር ሆል ኦፍ ፌም ነው። ሦስት ሌሊት አድረዋል፣ በድምሩ 12 ዶላር ለሙዚየሙ ከፍለዋል። 14 ከ50 የሚለው ደግሞ የሽያጭ ታክስ ነው፣ 7.25 በመቶ፤ ሱቅ ገብተው ሸሚዝ ቢገዙም ያንኑ ይከፍላሉ» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ይኸው! አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ስመጣ ይህን የነገረኝ የለም» አሉ። ቁጣው ወዲያው ባይበርድም ድምፃቸው ወረደ። ስለ ስትሪምላይን ሆቴል ነገሩኝ፤ አባታቸው በዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ውድድር ያዩ ነበር። እኔም ስለ 1949ኙ የአፈር መንገድ ነገርኳቸው። ያንን ያውቁታል፣ ከኔ በተሻለ። ግን እኔ ማወቄ ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ሙዚየሙን አይተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እግሬን አላስገባም» አሉ። «ከፍለውበት የለ እንዴ?» አልኳቸው። በቅን ልቦና ነው የጠየቅኩት። ውስጡ ተዳፋት የሆነ የውድድር መንገድ አለ። መኪኖቹ እውነተኛ ናቸው፣ በተርታ ተደርድረዋል። መንገዱ ከሜዳው ይነሳና እያጋደለ እያጋደለ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ቴላዴጋ የውድድር ሜዳ 33 ዲግሪ ይደርሳል። በቴሌቪዥን ያ ተዳፋት ጠፍጣፋ ይመስላል። ሥሩ ቆሞ ሽቅብ ላየው ግን ግድግዳ ነው። ይህን ስነግራቸው ሰዓታቸውን አዩ። ሻንጣቸውን እኛ ጋ አስቀምጠው በእግራቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ሊወስዱ ሲመጡ እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ፤ የተቀበለቻቸው ልጅቱ ናት። «ስለ አሸዋው ውድድር የተቀመጠው ነገር አንሷል» ብለው እንደነገሯት ሰማሁ። ምናልባት ትክክል ናቸው።

ሰልፉ ካለቀ በኋላ ልጅቱ «ጋሼ፣ ያቺን 12 ዶላር ዝም ብለን ብንቀንስላቸው ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ ከምንደክም» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይጠይቃታል። ሆቴል የክፍሉን ዋጋ መቀነስ ይችላል። ኤሲው ካልሠራ፣ ጎረቤት ካስቸገረ፣ 200ውን 150 ማድረግ የኛ ሥልጣን ነው፤ ታክሱም አብሮ ይወርዳል። ታክሱን ብቻ ነጥሎ ማንሳት ግን አይቻልም። ያ ገንዘብ ከመጀመሪያውም የሆቴሉ አይደለም። እንግዳው ለካውንቲው የላከው ነው፣ እኛ አደራ ተቀብለን እናደርሳለን። ከአደራ ላይ ቸር መሆን ደግሞ አይቻልም። ካውንቲው ሒሳቡን ሊመረምር ቢመጣ 12ቷን ከራሱ ኪስ የሚሞላው ሆቴሉ ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ለምን ለትምህርት ቤት አያደርጉትም ታዲያ?» አለች። ይህንንም ከእንግዶች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አይችሉም። ታክሱ ሲፈቀድ ሕጉ ለምን እንደሚውል ጽፎ አስሮታል። ከተማው ነገ ጠዋት ቢፈልግ እንኳ ያችን 2 በመቶ ለአስተማሪ ደመወዝ ወይም ለፖሊስ ማዋል አይችልም። ልጅቱ «እኛ አገርም ሆቴል ስትገባ ቫት 15፣ ሰርቪስ 10 ተብሎ ይደመራል፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም» አለች። እውነቷን ነው። ባይጠየቅም መልሱን ማወቅ ግን የኛ ሥራ ነው አልኳት።

በዚያው ሳምንት ለማናጀራችን አንድ ሐሳብ አቀረብን። በአንድ ወረቀት ላይ የደረሰኙን መስመሮች በሙሉ ጻፍን፦ የቱ ስንት በመቶ ነው፣ ማን ይቀበለዋል፣ ለምን ይውላል። ልጅቱ ናት የተየበችው። ከዴስኩ ሥር፣ እንግዳ በማያየው በኩል፣ ለጠፍናት። እኔ እንግዳው በሚያይበት በኩል እንድትሆን ነበር የፈለግኩት፤ ማናጀሩ አልፈቀደም። አሁንም ቢሆን ውጭ መለጠፍ ነበረባት እላለሁ።

ለሙዚየሙ ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። በመጀመሪያው ዓመት የመጣው ጎብኚ ወደ 270,000 ነው፤ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ። በየዓመቱ ኪሳራ መጣ። በ2015 ከተማው 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለሙዚየሙ ያበደሩት ባንኮች የቀረውን ብድራቸውን ተዉለት፤ ናስካርም ሊከፈለው የነበረውን የስም መጠቀሚያ ገንዘብ ማረ። የአልጋው 2 በመቶ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሳይቋረጥ ይገባ ነበር። ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ቢቀንስም አልጋ የሚከራይ አልቀነሰም። ሕንፃውን ያቆመውም ይኸው አልጋ ነው፤ ጋዜጦቹ ስለ ኪሳራው ሲጽፉ ይህን በአንድ መስመር አልፈውት ይሄዳሉ።

የተሸነፉትም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። አትላንታ የኮሌጅ ፉትቦል ሆል ኦፍ ፌምን ከኢንዲያና፣ ከሳውዝ ቤንድ ወስዳ በነሐሴ 2014 መሀል ከተማዋ ላይ ከፈተችው። የአሜሪካ ሞተር ስፖርት ሆል ኦፍ ፌም የሚባለው ሌላው ተቋም ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ከኖቫይ ወደ ዲትሮይት ሲዘዋወር ቆይቶ በ2016 ዴይቶና ስፒድዌይ ገባ። ያኔ ሰውየውን አስታወስኳቸው፤ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ልጅቱ አሁን አትላንታ ናት፤ እዚያ ሆቴል ውስጥ ከኔ የበለጠ ኃላፊነት ይዛለች። ጆርጂያ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በእያንዳንዱ የሆቴል ሌሊት ላይ 5 ዶላር ትጨምራለች። ክፍሉ 60 ዶላርም ይሁን 600 ያው 5 ነው። አንድ ቀን ደውላ «ጋሼ፣ እዚህ ደግሞ ሰው በ5 ዶላሩ እየጮኸብኝ ነው» አለችኝ። ለምን እንደሚውል ጠየቅኳት። «ለመንገድና ለትራንስፖርት። ሕጉን አንብቤዋለሁ፣ ለዴስኩ ልጆችም ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ» አለች። ወረቀቷን የት እንደለጠፈችው ጠየቅኳት። እንግዳው በሚያይበት በኩል ነው።