የቀደደው ማን ነው?

በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ መደቤ ሕዝብ ግንኙነት ይባል እንጂ በሜዳችን ጨዋታ ባለ ቀን ትኬት የምቆጥረውም፣ በር ላይ ጭቅጭቅ ሲነሣ የምጠራውም እኔው ነበርኩ።

ወሩ ሰኔ ነው፤ የውድድር ዘመኑ ሊገባደድ ጥቂት ቀርቶታል። ከቀኑ 9 ሰዓት የጀመረው ጨዋታ ሃያ ደቂቃ እንደሄደ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ካባራ በኋላ ዳኛው መሃል ሜዳ ቆሞ ኳሷን ከደረቱ ከፍታ ለቀቃት። አልነጠረችም፤ ውሃው ውስጥ እንደ ድንች ተዘፍዝፋ ቀረች። ጨዋታው በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ከቆመበት እንዲቀጥል ተወሰነና በድምፅ ማጉያ አስነገርን፤ “የነገ ትኬት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይሸጣል።” ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው ምንም አልከበደኝም።

ሰዉ እያጉረመረመ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ጉልበቱ የሚደርስ የእኛን ማሊያ የለበሰ ልጅ በጋቢያቸው ሥር ሸሽገዋል። ከኪሳቸው ትንሽ ፌስታል አውጥተው ፈቱና ሁለት የትኬት ጉርዶች ዘረጉልኝ። እሳቸው በስብሰዋል፤ ጉርዶቹ ደረቅ ናቸው።

“ልጄ፣ ነገ በዚሁ እንገባለን አይደል?”

“አባቴ፣ የተቀደደ ትኬት አያስገባም።”

“የቀደደው ማን ነው?”

ወደ ትኬት ቆራጩ ዞርኩ። እሱ ጫማውን እያየ ነው። ከእግሩ ሥር የትኬቶቹ ሌሎቹ ግማሾች በጆንያ ተሞልተው ተቀምጠዋል። “መመሪያ ነው” አልኩ። እንዲህ ያለ መመሪያ በጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው “እሺ” ብለው ጉርዶቹን ወደ ፌስታሉ መለሱና ልጁን ይዘው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እስከ ማታ እረሳው ነበር።

በማግስቱ ብቻቸውን መጡ። ትኬት ገዙ። “ልጁስ?” አልኳቸው። “ለአንድ ሰው ነው የያዝኩት” ብለው አለፉኝ።

ሰኞ በስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሣሁ። ኃላፊያችን ሳቁ፤ “ደጋፊ እኮ ነው፤ የት ይሄዳል?” እውነታቸውን ነው፤ ጫማው የከፋበት ሰው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል፣ የእኛ ሰው ግን ቡድኑ ቢያቃጥለውም የባላንጣውን ማሊያ አይለብስም። ነገሩ የሚያሳፍረውም እዚህ ላይ ነው። ፍቅሩን መያዣ አድርገን፣ ሌላ ደንበኛ ላይ የማንደፍረውን እሱ ላይ እናደርጋለን።

“የት ይሄዳል” የሚለውን ሊቨርፑሎችም ሳያስቡት አልቀሩም። ለዋናው የመቀመጫ ክፍል ትኬት እስከ 77 ፓውንድ ሊያስከፍሉ ባሰቡ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ በ77ኛው ደቂቃ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ደጋፊ ተነሥቶ ወጣ። ቡድኑ 2 ለ 0 እየመራ ነበር፤ 2 ለ 2 ተለያየ። የክለቡ ባለቤቶች በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ሠረዙት። ለካ የሚሄድበት አለው፤ በሩ።

ይህን ብናገርም ሒሳብ ሹሟ “ሐሰተኛ ጉርድ ይዘው ቢመጡስ?” አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እሷም እንደ እኔ በር ላይ ቆማ ታውቃለች። ከመጋዘን ጆንያውን አስመጣሁና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ጭቃና የሲጋራ ቁራጭ የተቀላቀለበት ክምር ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ላይ ተራ ቁጥር ታትሟል፤ ሰው እጅ ያለው ጉርድ ላይም ያው ቁጥር አለ። ሁለቱን ማስተያየት ነው እንግዲህ። ይህን ለማወቅ ሦስት የውድድር ዘመን ትኬት አሳትሜአለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ከትኬቱ ጀርባ አንድ መስመር ታከለ፤ “ጨዋታው ከተቋረጠ በዚህ ጉርድ ይገባሉ።” ኃላፊያችን የፈረሙት ማተሚያ ቤቱ ለመስመሯ ተጨማሪ ክፍያ እንደማይጠይቅ ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላም መምጣታቸውን አላቋረጡም። እኔ ሥራውን እስክለቅ ድረስ የሚገዙት አንድ ትኬት ብቻ ነበር።