አባቴን ጨው ያስተወው ግፊት

ዛሬ የዓይኔን ደም ስር አየሁ። ደሙ ሲሄድ የሚተወውን መስመር፣ ቁልጭ ብሎ፣ ኮምፒውተር ላይ። መርፌ የለ፣ መድኃኒት የለ፣ የነካኝም ሰው የለ።

ጠዋት ሁለት ሰው ኤርፖርት አድርሼ አፑን አጠፋሁና እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ) ያለበት ሰው አለ ወይ ሲሉኝ አባቴ ብዬ ስለጻፍኩ በቀላሉ አይለቁኝም። ልክ ናቸው። አባት ወይ እናት፣ ወንድም ወይ እህት ካለበት አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

የአባቴን ነገር እዚህ ጽፌው አላውቅም።

ደሴ ነው። የዛሬ 11 ዓመት ገደማ "ዓይኔ ደከመኝ" ማለት ጀመረ። ደረጃ ሲወርድ ይሳሳታል። ከጎኑ የቆመ ሰው አያይም፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ግን ይለያል። እኛ ደግሞ ሁላችንም ሐኪም ነን፦ "ሞራ ነው!" ሞራ ደግሞ እስኪበስል ይጠበቃል ይባላል። ጠበቅን። አክስቴ ጸበል ወሰደችው፤ ያንንም ጠበቅን። ግምታችን የቂል ግምት አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ነው። ግላኮማ 5 በመቶ ብቻ ነበር። ችግሩ ሞራ ዘግይቶም ቢሆን ይገፈፋል። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሲሄድ የተነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "አባባ፣ ግፊት አለብዎት።" ጠብታ ተጻፈለት፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ወጣ።

ግፊት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ጨው ተከለከለ። እናቴ ለእሱ ብቻ በትንሿ ድስት ጨው የሌለው ሽሮ መሥራት ጀመረች። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ ይውጣል። ጠብታው ሲያልቅ ማን ይግዛ፣ የት ይገኛል፤ ክኒን ግን ከጎረቤት ተገኘ፣ የደም ግፊት ክኒን። ያንን ለወራት ዋጠ። ኋላ ጤና ጣቢያ ሲለካ "የደም ግፊትዎ ደህና ነው፣ እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው" አሉትና ክኒኑን አቆመ። ጨው አለመብላቱን ግን አላቆመም።

የዓይን ግፊትና የደም ግፊት ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዓይን ውስጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ሲጠብበት ዓይንን ከውስጥ ይገፋል፣ ነርቩንም ይጎዳል። ይህን ያወቅኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። አባቴ ያኔ ሁለቱንም ዓይኑን አጥቶ ነበር።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ማሽኑ ትልቅ ነጭ ሣጥን ነው። አገጭህን እዚህ፣ ግንባርህን እዚህ። ውስጡ አረንጓዴ መስቀል አለ። "እሱን ብቻ እይ፣ ዓይንህን አታርገብግብ" አለችኝ ልጅቷ። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን አታርገብግብ ሲሉህ ጥቂት ሰከንድ እንዴት እንደሚረዝም! የመጀመሪያው ተበላሸ። ምስሉን አግድም የሚቆርጡ ነጭ መስመሮች ወጡበት፤ ዓይኔ ዞር ብሎ ኖሯል። በሁለተኛው ትንፋሼን ያዝኩ።

እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት በብርሃን ነው አለችኝ። ዓይን የማያየው ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲመለስ ይለካል። እዚያ ድረስ የቆየ ነው፤ ኦሲቲ የሚሉት ማሽን በፈረንጆቹ ከ1991 ጀምሮ ይታወቃል፣ የነርቩን ውፍረት ይለካል። አዲሱ ነገር እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ማንሳቱ ነው። እኔ በሾፌር ቋንቋ ተረጎምኩት። ማታ ቤልትዌዩ (ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ካለ ድልድይ ሆነህ ያንኑ ቦታ አከታትለህ ፎቶ ብታነሳ፣ አጥሩና ዛፉ ያው ነው። የሚለያየው መኪናው ብቻ ነው። ልዩነቱን ብቻ ለይተህ ብትስለው መንገዱ ይወጣልሃል። እዚህ መኪናው ቀይ የደም ሴል ነው፣ መንገዱ ከፀጉር የቀጠነ ደም ስር። ይህን የሚያደርጉ ማሽኖች እዚህ አገር ለሕክምና የተፈቀዱት በፈረንጆቹ ከ2015 ወዲህ ነው።

ድሮ ይህን ለማየት ክንድ ላይ ቀለም መውጋት ግድ ነበር። አሁንም ለአንዳንድ በሽታ ይወጋሉ። ስኳር ያለበት ጓደኛዬ ተወግቶ አቅለሸለሸው፣ ፊቱ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ደግሞ እስከ ማግስቱ ሚሪንዳ። እኔ ከወንበሩ ተነስቼ ቡና ልጠጣ እችል ነበር።

ምስሉ ሲመጣ መሀሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አየሁ። ልቤ ቀጥ አለች። "እሱ የሁሉም ሰው ነው" አለች ልጅቷ ሳቅ ብላ። አጥርተን የምናይበት ነጥብ ላይ ደም ስር የለም፤ ብርሃኑን እንዳይከልል ይሆናል።

ሐኪሟ ያሳየችኝ ሌላ ነው። ግራ ዓይኔ፣ ነርቩ ዙሪያ። ደም ስሮቹ ከነርቩ ተነስተው እንደ ነጭ ክር ጥቅጥቅ ብለው ይሄዳሉ። ከታች በኩል ግን አንድ ቦታ ሳስቷል። ከነርቩ ጠቦ ይጀምርና እየሰፋ ይወርዳል፣ ከድፎ ዳቦ ላይ ተቆርጦ የተነሳ ቁራሽ ይመስል።

"ግፊቴ ስንት ነው?"

"16።"

"16 ጥሩ አይደል? እስከ 21 ደህና ነው ይባላል።"

ለብዙ ዓይን ጥሩ ነው አለችኝ፤ ላንተ ዓይን ግን ሊበዛ ይችላል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ነርቩ የሚሞትበት ሰው አለ። እኔ ሁለት ጊዜ 16 ተብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

ደሙ ስለቀነሰ ነው ነርቩ የሞተው፣ ወይስ ነርቩ ስለሞተ ነው ደሙ የቀነሰ? ጠየቅኳት። ተመራማሪዎቹም ገና ይከራከሩበታል አለች። ምስሉ መድኃኒት አይደለም፣ ደም ስሩንም አይመልስም። በማስረጃ የተረጋገጠው ሕክምና አሁንም ያው የዓይንን ግፊት ማውረድ ነው፣ በጠብታ ወይ በሌዘር ወይ በቀዶ ሕክምና። ማሽኑ የሚረዳው ሌላውን ምርመራ አግዞ መቼ እንጠንክር የሚለውን ለመወሰን ነው። እውነቱን ስትናገር ወደድኳት።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። የደም ግፊት ክኒንህን መቼ ትወስዳለህ? ልተኛ ስል። ብዕሯን አስቀመጠች። ደም ወደ ዓይን የሚገባው የዓይንን ግፊት አሸንፎ ነው። ሌሊት የደም ግፊት በራሱ ይወርዳል። ክኒኑ ደርቦ ካወረደው ዓይን ሊራብ ይችላል። "ክኒኑን በራስህ እንዳታቆም!" አለችኝ ጣቷን ቀስራ። ለቤተሰብ ሐኪሜ ትጽፋለች፣ 24 ሰዓት የሚለካ መሣሪያ ክንዴ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ሰዓቱን ይወስናሉ። ለእኔ ጠብታ፣ በየማታው አንድ።

መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። የጎረቤቱን ክኒን እያሰብኩ ነበር። ግፊቱ መጀመሪያውንም ዝቅ ያለ ሰው፣ ለወራት፣ የዓይኑ ጠብታ ካለቀበት በኋላ። ጎድቶት ይሁን አይሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ልጅ ሆኜ ሜዳ ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ ብናኝ የመሰሉ ብርሃኖች ሲሯሯጡ አይ ነበር። ጓደኞቼ መላእክት ናቸው ይሉኝ ነበር። ለካ የራሴ ነጭ የደም ሴሎች ኖረዋል፣ ዓይኔ ውስጥ ባለው ቀጭን ደም ስር ሲያልፉ። ሰማያዊ ሰማይ ላይ ትኩር ያለ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ዛሬም ከመነሳቴ በፊት በመስኮት አየኋቸው።

ማታ ደሴ ደወልኩ። እህቴን ቀድሜ አገኘኋትና በዚህ ሳምንት ተመርመሪ አልኳት። "ምንም አያመኝም እኮ" አለች። እሱንም አያመውም ነበር አልኳት፣ ዝም አለች። ከዚያ አባቴ መጣ።

"ምን ይመስላል?" አለኝ።

"ሥሩ የተነቀለ ባሕር ዛፍ አይተህ የለ አባዬ? ያ ቀጫጭኑ ሥር። ነጭ፣ ጥቁር ላይ።"

"ቆንጆ ነው ማለት ነው።"

"ቆንጆ ነው።"

ሁለቱን ግፊት ለየብቻ አስረዳሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሐኪሟ። ፈሳሹን፣ ነርቩን፣ ክኒኑን ዘልዬ ጨውን። አላቋረጠኝም። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"እና ያ ሁሉ አልጫ ሽሮ ለምንም አይደለም?"

"ለዓይንህ ለምንም አይደለም አባዬ።"

ቀጥሎ የሰማሁት እናቴን ሲጣራ ነው። "አንቺ! ጨው የት ነው የምታስቀምጪው?"