ጓሳ፦ ቀበሮውን ያቆየው ሣር

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ወዳለው ጥብቅ የሣር ሜዳ፣ ወደ ጓሳ ለመሄድ ያሰበ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ቆም ብሎ ስንቅ ይሸምት። እዚያ የሚታደርበት ሎጅ ሬስቶራንት የለውም። ማብሰያ ቦታ አለ፣ የሚበስለውን ይዞ የሚመጣው ግን እንግዳው ነው። እኛ ምስር፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ዳቦ ጫንን። ጋቢም ደራርበን ያዝን፤ የሚታደረው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ጣርማ በር ስትደርሱ ዋሻው ውስጥ ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። በመዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ደጋ ለደጋ ይሄዳል። አፋፉ ላይ ወጣ ባላችሁ ቁጥር ቆላው ወደ አፋር ወለል ብሎ ይታያል። በሌላው በኩል ገብስ ነው፣ በግ ነው፣ የድንጋይ ቤት ነው። ከዚያ እርሻው ድንገት ያቆማል። አጥር የለም፣ ግን አንድም የታረሰ መሬት የለም። እስከ አድማስ ሣር ብቻ፣ መሐል መሐሉ ላይ ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሞ። ሰሜን ሸዋ መሬት ምን ያህል እንደጠበበ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር ነው። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ሜዳ ያልታረሰው እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ ማታ እሳት ዳር መንገድ ለሚመሩን የሜዳው ጠባቂ፣ ለስካውታችን አቀረብኩላቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የአካባቢው ሰው ናቸው። «ሣሩ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ቤታችንን የሚከድነው እሱ፣ ገመዱ እሱ፣ በዝናብ የምንለብሰው ገሳም እሱ። ይህን አርሰን ምን እንለብሳለን?»

ጓሳ የሚባለው ይህ ሣር ነው፣ ቦታውም በእሱ ተጠራ። ጠባቂዎቹም የጀመሩት አሁን አይደለም። ታሪኩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። አስቦና ጌራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች በፈረስ ተሽቀዳድመው መሬቱን እንደተካፈሉት ይተረካል። ዘሮቻቸው በመረጡት አለቃ ሥር ሜዳውን ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጉት ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ ይከፈታል፣ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ቆይቶ ሕዝቡ ራሱ ተመካክሮ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቋመና ጥበቃውን መለሰው።

ሎጁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲሠራ የጀርመኑ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ረድቷል፤ ባለቤቱ ግን የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ጥቂት ክፍሎች ናቸው ያሉት። ድንኳን ይዞ የመጣም ይተክላል። የመግቢያው፣ የአልጋው፣ የስካውቱ፣ ዕቃ የሚጭነው በቅሎ ክፍያ እዚያው ይቀራል።

ሌላ አገር አቀፍ ስም ያለው ሎጅ አርፌ አውቃለሁ። ምግቡም አልጋውም የሚመሰገን ነበር። በሩ ላይ የቆሙት የሰፈሩ ልጆች ግን ከዚያ ቤት ምን እንደሚያገኙ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ጓሳ ላይ ያን ጥያቄ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሚመራኝም፣ በቅሎውን የሚነዳውም የዚያው መንደር ሰው ነው።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ እየወጡ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሞቅ ሲላቸው ሜዳው ላይ ተበተኑና ሣር መንጨት ጀመሩ። ስካውታችን በእጃቸው ዝም በሉ አሉን። ከመንጋው መሐል አንድ ቀይ ቀበሮ እየሄደ ነው! ግልገል ያዘሉ እናቶች አጠገብ ያልፋል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሱም ግልገል አይመለከትም። ጆሮውን ቀስሮ መሬት መሬቱን ያዳምጣል። ከዚያ ዘለለ። አይጥ በአፉ ይዞ ብቅ አለ።

ይህን ነገር ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳው የሚበላው ሣር፣ አይጡ የሚኖረው ሣር ሥር፣ ቀበሮው የሚኖረው በአይጡ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እነዚያ ሰዎች ለቤት ክዳን ብለው የጠበቁት ሣር እነሱንም አብሮ ጠበቀ።

ስለዚህ ጓሳን ያዳነው ቱሪዝም ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልስማማም። ጥበቃው ሎጁን በ300 ዓመት ይቀድማል። የእንግዳ ገንዘብ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ገሳም ለባሹ እየቀነሰ ነው። ሣሩ ለገበሬው የነበረው ዋጋ ሲቀንስ፣ ያንን ጉድለት የሚሞላ ሌላ ጥቅም ያስፈልጋል። ሎጁን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ስጋቱም ከዚሁ ይመጣል። ኮሮና ሲገባ እንግዳ ቀረ። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰሜን ሸዋ ድረስ ደረሰ። ከዚያም በኋላ አማራ ክልል ሰላም አላገኘም። ፈረንጅ በአንድ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። በውጭ እንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ እንዲህ ባለ ጊዜ ማን ይደርስለታል? ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ መሄድ ያለብን እኛ ነን፤ አዲስ አበባ ያለነው፣ ከዲሲና ከቴል አቪቭ ለእረፍት የምንመጣው።

ስንሰናበት ለስካውታችን ዋጋው አነሰ አልኳቸው። ለአገር ሰው የተተመነው በእውነት ትንሽ ነው። ቀበሮ የሚታይበት አገር ነውና ቢጨምሩት እከፍላለሁ አልኩ። አልተቀበሉኝም። «አንተ ትከፍላለህ» አሉ። «የመሐል ሜዳ ተማሪስ? አስተማሪው ይዞት መጥቶ ካላየው፣ ነገ ይህን ሜዳ ሲሰጡት ምን እንደሆነ በምን ያውቀዋል? የሚጨመር ካለ በፈረንጁ ላይ ይጨመር። እናንተ ደግሞ መብዛት ነው ያለባችሁ።»