ለአርክ ስዘጋጅ፦ ባቡሩ ቀላል፣ ቁጥሮቹ ከባድ

ባለፈው ሰንበት አንድ የፈረንሳይ የፈረስ ውድድር ወረቀት ያለ መዝገበ ቃላት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የእያንዳንዱን ፈረስ ታሪክ ከቁጥርና ከፊደል ፈትቼ፣ ማን እየበረታ ማን እየደከመ እንደመጣ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ የውድድሩን ቪዲዮ ከፈትኩ። አሸናፊውን አልገመትኩትም። ሁሉም ያደነቀውና እኔ «ይህ ይደክማል» ያልኩት ፈረስ ግን መጨረሻው ላይ እንዳልኩት ደከመ። እቤት ውስጥ ደስታዬን የሚረዳልኝ ሰው ስለሌለ ለእናንተ ለፈረስ ወዳጆቼ እጽፋለሁ።

ለአዲሶች በአጭሩ፦ የምሄደው ወደ ፕሪ ደ ላርክ ደ ትሪዮምፍ ነው፤ ሰው ሁሉ አርክ ይለዋል። በ1920 የተጀመረ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ከፓሪስ በስተምዕራብ በቡሎኝ ደን ውስጥ ባለው በሎንሻን ሜዳ የሚካሄድ የ2400 ሜትር ግልቢያ ነው። የኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚውል ሁልጊዜ ከመስቀል በኋላ፣ መስከረም ሳያልቅ ይደርሳል። ሽልማቱ 5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ የሚያልቀው ከሁለት ደቂቃ ተኩል ብዙ በማይርቅ ጊዜ ነው። ለዚያች አጭር ጊዜ ወራት የሚዘጋጅ ሰው ጤነኛ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ዘመድ አለኝ፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ለምን ሌላ ውድድር አልመረጥኩም? ሮያል አስኮትን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው ብሪታንያ ለብቻዋ ቪዛ ትፈልጋለች፤ የባርኔጣውና የልብሱ ደንብም ሌላ ራስ ምታት ነው። በጣልያን የሲየናው ፓሊዮ ፒያሳ ዴል ካምፖ የሚባለውን የከተማ አደባባይ ሦስት ጊዜ መዞር ነው። ለዓይን ግሩም ነው፤ ነገር ግን በድንጋይ ከተማ መሀል በዚያ ጠባብ መታጠፊያ ፈረስ ሲጋለብ ማየት ለእኔ አይሆንም። ፓሪስ ከምኖርባት ከኮሎኝ በፈጣን ባቡር ከሦስት ሰዓት ተኩል አታልፍም። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ በኪስ ይዞ መሳፈር ነው።

የጉዞውን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ሆቴል አስቀድማችሁ ያዙ፤ የፓሪስ የሴቶች ፋሽን ሳምንት የሚውለው በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ የክፍል ዋጋ ከፈረሱ በፊት ይጋልባል። ከጋር ዱ ኖር ጣቢያ በ4 ቁጥር ሜትሮ ኦዴዮን ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ወደ 10 ቁጥር ቀይሮ ፖርት ዶተይ መውረድ ነው። በውድድሩ ቀን ከዚያ ወደ ሎንሻን የሚወስድ ነፃ አውቶቡስ አለ። ከጣቢያው ስትወጡ አጠገባችሁ የፈረስ ሜዳ ታያላችሁ፤ እንዳትገቡ፤ እሱ የመሰናክል ዝላይ የሚደረግበት ኦተይ ነው። ሌላው ልብ የሚባል ነገር፣ 10 ቁጥር በፖርት ዶተይ የሚያልፈው ወደ ቡሎኝ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ ነው። ማታ ወደ መሀል ከተማ ለመመለስ ትንሽ ተራምዶ ሚሼል አንዥ ኦተይ ላይ 9 ቁጥርን መያዝ ይሻላል። ጉዞው ይኸው ነው፤ ማንኛውም ሰው አንድ ምሽት ተቀምጦ ሊያቅደው ይችላል።

አንድ ምሽት ያልበቃኝ ወረቀቱ ነው።

ፈረንሳዮች የአንድን ፈረስ ያለፉ ውጤቶች በአንድ መስመር ደርድረው ያስቀምጣሉ፤ «ሙዚቃ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ 1ፔ 2ፔ (24) 5ፔ 0ፔ። ቁጥሩ ፈረሱ ስንተኛ እንደወጣ ይናገራል፤ ዜሮ ማለት አሥረኛና ከዚያ በታች ነው። «ፔ» መሰናክል የሌለበት የሜዳ ግልቢያ መሆኑን ያመለክታል፤ ጋሪ እየጎተቱ ለሚሮጡት፣ ለአጥር ዝላይና ለሌላውም የየራሱ ፊደል አለው። በቅንፍ ያለው ዓመቱን ይለያል፤ ከቅንፉ በስተቀኝ ያሉት ውጤቶች የ2024 ናቸው፣ በስተግራ ያሉት ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡ። የቅርቡ ውድድር ሁልጊዜ በግራ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይረዳዋል።

ችግሩ የሚመጣው አርክ የፈረንሳዮች ብቻ ባለመሆኑ ነው። ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የሚመጡትን ፈረሶች በአገራቸው ወረቀት ለማንበብ ስትሞክሩ መስመሩ ይገለበጣል፤ በእነርሱ ዘንድ የቅርቡ ውጤት በቀኝ መጨረሻ ላይ ነው። ከላይ ያለው ፈረስ በእንግሊዝ ወረቀት 05-21 ተብሎ ይጻፋል። ያንኑ በፈረንሳይ ዓይን ከግራ ብታነቡት፣ ከዜሮ ተነስቶ ወደ አንደኛነት የወጣው ፈረስ ከአሸናፊነት ወርዶ ጭራ የሆነ ይመስላል። እንደኔ እንደኔ የውድድሩ ዓለም ስንት ነገር በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲያስማማ ይህን አለማስማማቱ ነውር ነው። ዓይኔ ወደ ግራ ሲለምድ እንግሊዙ ይጠፋኛል፣ ወደ ቀኝ ሲለምድ ፈረንሳዩ ይጠፋኛል።

መፍትሔዬ ዘመናዊ አይደለም። ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። ፈረሱ የየትም አገር ይሁን፣ ውጤቱን በእጄ ገልብጬ በአንድ አቅጣጫ፣ ከድሮ ወደ ቅርብ እጽፈዋለሁ። ከቁጥሩ ሥር ሦስት ነገር እጨምራለሁ፦ የትኛው ሜዳ፣ መሬቱ እንዴት ነበር፣ ከማን ኋላ ገባ። ይህን የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ ሞልቷል፤ ሞክሬዋለሁ፣ አልወደድኩትም። መተግበሪያው ያነብልሃል እንጂ አያስተምርህም። በእጅ የጻፍኩት ፈረስ ስሙ ሳይቀር አይረሳኝም፤ በስክሪን ያየሁት በማግስቱ ይጠፋል።

«ከማን ኋላ» የሚለው ሦስተኛው መስመር ከሁሉም ይበልጣል። ማስረጃዬን ልንገራችሁ። በኦገስት 2021 በርሊን ሆፐጋርተን ላይ ቶርኳቶር ታሶ የተባለ የጀርመን ፈረስ አልፒኒስታ በምትባል እንግሊዝ ውስጥ በሠለጠነች ባዝራ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ወር የባደንን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ስለዚህ ወደ አርክ ሲመጣ ሙዚቃው 1ፔ 2ፔ ብሎ ይጀምር ነበር። ይህ መጥፎ ወረቀት አይደለም። በውርርዱ ግን ዋጋው 72 ለ1 ነበር (አንድ ላስያዘ ሰባ ሁለት ትርፍ)፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አሸነፈ። የቀደመችው ባዝራስ? በዚያው ሴፕቴምበር እዚሁ ኮሎኝ ላይ የአውሮፓ ሽልማት የሚባለውን ውድድር ወሰደች፤ እሱም እንደ አርክ 2400 ሜትር ነው። በዓመቱ፣ በ2022፣ እሷም በተራዋ ሎንሻን ላይ አርክን አሸነፈች፤ ቶርኳቶር ታሶ ያን ቀን ሦስተኛ ነበር። አሁን ወደዚያች «2ፔ» ተመለሱና እዩአት። ሁለተኛ የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ከአልፒኒስታ ኋላ ሁለተኛ የሚለው ግን ብዙ ይነግራችኋል። እኔ ያን ጊዜ በኮሎኙ ሜዳ አጠገብ በትራም አልፍ ነበር እንጂ ገብቼ አላውቅም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው መስመር፣ መሬቱ፣ ደግሞ የራሱ ቋንቋ አለው። ፈረንሳዮች ሣሩ ምን ያህል እንደለሰለሰ የሚለኩበት መሣሪያ አላቸው፤ ዘንግ ላይ ክብደት ለቅቀው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ያነባሉ። ወደ 3 አካባቢ ከሆነ ጥሩ መሬት ነው፤ 3 ተኩል ሲደርስ ለስላሳ፣ ወደ 5 ሲጠጋ ከባድና የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። የፓሪስ ኦክቶበር ደግሞ የማይታመን ነው። በ2021ም በ2022ም አርክ የተሮጠው ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ነው። በ2011 ግን መሬቱ ደረቅ ነበርና ዴንድሪም የምትባል የሦስት ዓመት ባዝራ በ2 ደቂቃ ከ24.49 ሰከንድ ገብታ የሎንሻንን የአርክ ክብረ ወሰን ያዘች፤ ተከታይዋን በአምስት ፈረስ ርዝመት ቀድማ። ዴንድሪም በ9,000 ዩሮ የተገዛች፣ በኮሎኝ በፔተር ሺርገን የሠለጠነች ናት። እንግዲህ በአሥር ዓመት ልዩነት ሁለት የጀርመን ፈረሶች፣ አንዷ በደረቅ፣ አንዱ በጭቃ። «የጀርመን ፈረስ ጭቃ ይወዳል» የሚለውን የሰነፍ አባባል የሚደግም ሰው ሲያጋጥማችሁ ዴንድሪምን ጥሩበት።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ያለው ሥራ የቆዩ ውድድሮችን ማየት ነው። እዚህ ላይ ግትር ነኝ፦ ድምፁን አጥፉት። ዘጋቢው የሚጮኸው ስለ መሪው ነው፤ እናንተ ደግሞ ጆሯችሁን ተከትላችሁ መሪውን ብቻ ታያላችሁ። በመጀመሪያ መንጋውን በሙሉ፣ በሁለተኛው አንድ የመረጣችሁትን ፈረስ ብቻ፣ በሦስተኛው የጋላቢዎቹን እጅ ብቻ ተመልከቱ። ሎንሻን ላይ እጅ ማየት የሚጠቅመው ከቁልቁለቱ በኋላ ባለው «ሐሰተኛው ቀጥታ» በሚባለው ቦታ ነው። መንገዱ ቀና ሲል የመጨረሻው መስመር የደረሰ ይመስላል፤ ግን ገና አንድ መታጠፊያ ይቀራል፤ ከእሱም በኋላ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ሜዳ አለ። እዚያ እጁ መንቀሳቀስ የጀመረ ጋላቢ ብዙ ጊዜ ፈረሱ አልቋል፣ ወይም ትዕግሥቱ አልቋል። እጁ እንደ ሐውልት የቆመውን ተከተሉ።

ስለ ውርርድ ብዙ ምክር አልሰጥም፤ እኔም ራሴ ለቡና ከምከፍለው በላይ አላስይዝም። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በፈረንሳይ ሜዳ ዋጋ ቆርጦ የሚያስይዝ ግለሰብ የለም። የተወራረደው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቋት ይጠራቀምና ድርሻ ከተነሳለት በኋላ ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ይህን አሠራር የፈጠረው ዦዜፍ ኦሌር ነው፤ ሙላን ሩዥ የተባለውን የፓሪስ የጭፈራ ቤት ከመሠረቱት አንዱም እሱ ነው። ስለዚህ ሳንቲማችሁን ስታስይዙ ያያችሁት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፤ የፈረሶቹ መነሻ በር እስኪከፈት ይቀያየራል።

ይህን ሁሉ ጥበብ ካወራሁ በኋላ እውነቱን ልናገር። ለሌላው ሰው «የጋላቢ ልብስ ቀለም አትመልከቱ፣ ስም አትመልከቱ» እላለሁ፤ እኔ ግን የአጋ ካንን ቤት፣ የታወቁትን የፈረስ ባለቤቶች፣ አረንጓዴ ልብስና ቀይ ትከሻ ሳይ ደብተሬን እዘጋለሁ። የዘር ነገርም ያሸንፈኛል። ኧርባን ሲ የተባለችው ባዝራ በ1993 አርክን አሸነፈች፤ ልጇ ሲ ዘ ስታርስ በ2009፤ የእሱ ልጅ ዳሪዝ ደግሞ በዚያው አረንጓዴና ቀይ በ2025። በየአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አያት፣ አባት፣ ልጅ። ይህን የሰማ ከአባ ዳኘውና ከአባ ታጠቅ አገር የመጣ ሰው እንዴት አድርጎ ቁጥር ብቻ ያነባል? አባቴ ገበያ ወርዶ ፈረስ ሲገዛ ከጥርሱ በፊት የሻጩን መንደርና የእናቲቱን ስም ይጠይቅ ነበር።

የቀረኝ አንድ ውሳኔ ነው፤ እዚህ ላይ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹ ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ባለው ክብ ሜዳ እየዞሩ ይታያሉ። እዚያ ቆሞ አረማመዳቸውን፣ ላባቸውን፣ ጆሯቸውን ማየት የምፈልገው ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው እዚያ የቆየ ሰው ወደ መሙ ሲመለስ አጥሩ በሰው ትከሻ ተይዞ ያገኘዋል። አጥሩን የሚመርጥ ደግሞ ፈረሶቹን የሚያያቸው ሲያልፉ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰከንድ። አሁን ባለኝ ሐሳብ ክብ ሜዳው ላይ እቆያለሁ፤ ግልቢያውን በትልቁ ስክሪን አየዋለሁ። ባለቤቴ «ታዲያ ፓሪስ ድረስ ስክሪን ለማየት ነው የምትሄደው?» ብላለች። እሷ አጥሩ ላይ ትቆማለች፤ ስልኳን ሙሉ ባትሪ አድርጋ እንድትይዝ ተስማምተናል።