የውሻዬን የአፍ ጠረን እንዴት እንዳስተካከልኩ

የውሻ አፍ ሲሸት ብዙ ሰው «ውሻ አይደል እንዴ፣ ምን ይጠበቃል?» ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጤነኛ ውሻ ትንፋሹ ትንሽ ምግብ ምግብ ሊል ይችላል እንጂ ፊት የሚያስዞር ጠረን የለውም። የእኔ ቦቢ ግን ሊልሰኝ ጠጋ ሲል ትንፋሹ የበሰበሰ ሥጋ መሽተት ጀመረ። ይበላል፣ ይሮጣል። ከጠረኑ በቀር የታመመ የሚያስመስለው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ አፉን አየሁ። ለዚህ መንጋጋውን መፈልቀቅ አያስፈልግም። አፉ እንደተዘጋ የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ወደ ላይና ወደ ኋላ ሰብሰብ ማድረግ ይበቃል። የፊቶቹ ጥርሶች ነጭ ናቸው። ከኋላ ያሉት ትልልቆቹ ግን ቡናማ ቅርፊት ለብሰዋል። ድዱም ጥርሱን በሚነካበት መስመር ላይ ቀልቷል።

የእንስሳት ሐኪሙ ነገሩን በደንብ አስረዱኝ። ባክቴሪያ ጥርስ ላይ ፕላክ የሚባል ስስ ንጣፍ ይሠራል። ጥርሱ በጸዳ በሰዓታት ውስጥ እንደገና መፈጠር ይጀምራል። ካልተነሣ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያጠነክረውና ታርታር ይሆናል። ታርታር ደግሞ በብሩሽ አይለቅም። ዋናው ችግር ያለው ከድድ ሥር ነው። እዚያ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ ድኝ ያለበት ጋዝ ያወጣሉ፤ የሚሸተን እሱ ነው። ስለዚህ ጠረን ማጥፊያ ነገር ውሃው ላይ ጨምሮ መተው ሽታውን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ድዱን አያድነውም።

ጥርሱ በማደንዘዣ እንዲታጠብ ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት የደም ምርመራ ታዘዘለት። ለማደንዘዣው ዝግጁ መሆኑን ከማሳየቱም በላይ የሽታው ምክንያት ከአፍ ውጭ አለመሆኑን ለማወቅ ይረዳል። ሽንት ሽንት የሚል ትንፋሽ ከኩላሊት ሕመም፣ ጣፋጭ የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ደግሞ ካልታከመ የስኳር በሽታ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ውሻው ውሃ ማብዛት ወይም መክሳት ከጀመረ ይሄ በፍጹም መታለፍ የለበትም።

እጥበቱ የተደረገው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ነው። ውሻው ነቅቶ ሳለ ታርታሩን ፍቆ ማንሣት ጥርሱን ነጭ ያስመስለዋል እንጂ ከድድ ሥር ያለውን አይነካም፤ እኔ አልመክረውም። ራጅ ሲነሣ የአንዱ ጥርስ ሥር ተጎድቶ ተገኘና ተነቀለ። ሲያገግም ትቶት የነበረውን የገመድ ጉተታ እንደ ድሮው ጀመረ። ያኔ ነው ሕመሙን ምን ያህል ደብቆት እንደኖረ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው፤ ብሩሽ ማስለመድ። ድዱ እስኪድን ጠበቅሁ። የሚያም ድድ ላይ ብሩሽ ካሳረፍን ውሻው ብሩሹን ባየ ቁጥር ይሸሻል። ስንጀምር ከሽርሽር መልስ፣ ረጋ ሲል፣ ከንፈሩን ብቻ እየነካሁ አመሰግነው ነበር። ይህን ሲለምድ ለውሻ የተሠራውን የጥርስ ሳሙና ከጣቴ አስላስኩት። ቀጥሎ ስስ ፋሻ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ጥርሱን አሸሁ። ብሩሹ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለስላሳ የልጆች ብሩሽ ይበቃል። ብሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጌ በትናንሹ አሽከረክራለሁ። ትኩረቴ በጉንጭ በኩል ባለው የጥርሱ ገጽ ላይ ነው፤ ብዙው ፕላክ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የውስጡን ለማግኘት ብዬ አፉን በግድ አልከፍትም። ራሱን ማወዛወዝ ሳይጀምር አቆማለሁ። ትዕግሥቱ ሳያልቅ ማቆም ለነገው በር ይከፍታል።

የሰው ሳሙና ግን አይሆንም። ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል። አንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በፍጥነት ያወርዳል፤ ጉበቱንም ሊጎዳ ይችላል።

የሚታኘክ ነገር ያግዛል፣ ብሩሽን ግን አይተካም። በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ እንኳ የማይሰረጉድ ከሆነ ጥርስ ሊሰብር ይችላል። የበሰለ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ እኔ ጭራሽ አልሰጥም።

አሁን በየቀኑ ማታ እቦርሸዋለሁ፤ አንድ ቀን ቢያልፈኝ በማግስቱ አልተውም። ትንፋሹም ተስተካክሏል። ጠረኑ ድንገት ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢበዛ ወይም አፉን በእግሩ ቢቧጥጥ ግን ብሩሹን ትቼ ወደ ሐኪም ነው የምሄደው፤ ስንጥር ላንቃው ላይ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ከዓይኑ ሥር እብጠት ካየሁም አላድርም፤ ከላይኛው ትልቅ ጥርስ ሥር መግል ሲቋጠር ብዙ ጊዜ የሚያብጠው እዚያ ነው።